ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ

«ይሄ ሹራብ የሰው ነው ወይስ የአሻንጉሊት?» አለች ፌንጣ፣ እጅጌውን እስከ አንጓዋ ለመሳብ እየታገለች።

«የእህቴ ዩኒፎርም ነው» አለች አለቅዬ። «ፏ ብለሻል፤ አሁን ቶሎ በይ፣ ቆጣሪዋ ሴትዮ ገብታለች።»

ከትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ጀርባ ነበሩ። ፌንጣ ትምህርቷን ካቋረጠች ሁለት ወር አልፏታል። እናቷ ወገቧን ታማ ከተኛች ወዲህ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች፤ የጣቶቿ ጫፍ በካውያው ተላልጧል። ዛሬ የመጣችው አለቅዬ ስለለመነቻት ነው። አለቅዬ የክፍሉ አለቃ ናት፤ ግማሹ ተማሪ በፍቅር፣ ግማሹ ለማብሸቅ አለቅዬ ይላታል።

«ግን የእውነት ይረዱኛል?» አለች ፌንጣ። «ሱፐርቫይዘሯን እግሯ ላይ ወድቄ ነው እስከ እኩለ ቀን ያስፈቀድኩት።»

«ይረዱሻል አልኩሽ እኮ።»

ውሸቷን ነበር። ምንም የምታውቀው ነገር የለም። ዳይሬክተሩ «ያልሽውን ብለሽ አምጫት» ስላላት፣ አፏ ላይ የመጣላትን ብላ አመጣቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ለትምህርት ቤቶች በጀትና መምህር የሚመድበው በተማሪ ቁጥር ነው። የድሃ ሰፈር ልጅም እንደ ሀብታም ሰፈር ልጅ እኩል ይማር ነው ሐሳቡ፤ ወረቀት ላይ ሲያነቡት ያምራል። ግን የድሃ ሰፈር ልጆች ድሃ በመሆናቸው ትምህርት ያቋርጣሉ፣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ቁጥሩ ሲወርድ መምህር ይነሳል። አምና የእንግሊዝኛዋ መምህርት ተነሳች። ዘንድሮ ክፍሉ ከሃምሳ ካነሰ ከጎረቤቱ ክፍል ጋር ይቀላቀልና ተራው የሒሳቡ መምህር ይሆናል። እሱ ደግሞ በዚያ ግቢ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ቢጠይቁት የማይቆጣ ብቸኛ ሰው ነው።

ስም መጥሪያው ላይ ያሉት ተማሪዎች ከነፌንጣ ልክ ሃምሳ ናቸው። ስለዚህ አለቅዬ ሁለት ወር ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ የ«አለች» ምልክት ስታደርግ ከርማለች። ያዘዛት ዳይሬክተሩ ነው። ሌባ ቢሆን ኖሮ እሱን መጥላት ይቀላት ነበር፤ ግን በበጀቱ ያሠራው የሚያፈሰውን ጣሪያ ነው፣ ለራሱ የሚቀመጥበት ወንበር እንኳ እግሩ የተሰበረ ነው።

ከትምህርት ቢሮ የመጣችው ተማሪ ቆጣሪ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ በተራ ቁጥር ትጠራ ጀመር። ዳይሬክተሩ ከጎኗ ቆሟል፣ የሒሳብ መምህሩ በሩን ተደግፏል።

«ሠላሳ አንድ!»

«አቤት!» ብላ ፌንጣ ከመቀመጫዋ ተስፈነጠረች። ይህን ስም ያወጣላት ይኸው አነሳሷ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ፤ ሴትዮዋም ፈገግ አለች። ፌንጣ ስትቀመጥ ፊቷ በርቶ ነበር፤ ከጠረጴዛው ሥር የአለቅዬን እጅ ጨበጥ አደረገች።

ሃምሳው ሞላ። ሴትዮዋ ወረቀቷን አጣጥፋ ልትወጣ ስትል ቆም አለች።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዘንድሮ አዲስ በጀት ተይዟል፤ በችግር ምክንያት ትምህርት ላቋረጡ ልጆች። ተመልሶ ለሚማር ልጅ ዩኒፎርምና ደብተር ይሰጠዋል፣ ቤተሰቡም በየወሩ ይደጎማል። ከዚህ ክፍል ያቋረጠ አለ?»

ሁሉም ፌንጣን ላለማየት ሰሌዳው ላይ አፈጠጠ።

«የለም» አለ ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ። «እኛ ጋ የሚያቋርጥ ልጅ የለም።»

«መታደል ነው» አለች ሴትዮዋ፣ ከልቧ። «ስም መጥሪያዎቹን እስከ ስድስት ሰዓት ዳይሬክተሩ ቢሮ አስገቡልኝ። መምህር የምንመድበውም፣ ድጎማ የምንሰጠውም በእነሱ ነው።»

ለእረፍት ሲደወል ክፍሉ ባዶ ሆነ። ፌንጣ ግን ከቦታዋ አልተነሳችም።

«የለም የተባልኩት እኔ ነኝ፣ አይደል?»

«እናቴ ትሙት አላወቅኩም! ስለ ድጎማው ገና አሁን ነው የሰማሁት።»

«አውቃለሁ።» ፌንጣ ለመሳቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። «እጄን ላወጣ ነበር እኮ። ከዚያ ቲቸርን በሩ ላይ አየሁት። የምኑን ላውራ፣ እሱን እንዲያነሱት? ደሞ አቤት ብያለሁ። አቤት ያለ ሰው እንዴት አቋረጥኩ ይላል?»

«ፌንጤ...»

«በቃ ልሂድ። አሁን ከደረስኩ የጠዋቱን ብቻ ነው የሚቆርጡብኝ።»

ብትሰድባት ይሻላት ነበር። አልሰደበቻትም፤ ጉንጯን ሳም አድርጋት በጓሮ በኩል ሄደች። አለቅዬ አለቀሰች፤ በራሷም፣ በዳይሬክተሩም፣ ያንን ሁሉ ደግ ነገር ተናግራ በወጣችው ሴትዮም ተናደደች።

ከዚያ ስም መጥሪያውን ገለጠችው። ከሠላሳ አንድ ትይዩ አርባ አንድ ምልክቶች ተደርድረዋል፣ ሁሉም የራሷ እጅ። እዚህ ወረቀት ላይ ፌንጣ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። አንድም ቀን ያልቀረችን ልጅ ደግሞ ማን ይፈልጋታል? እስክሪብቶዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው፣ እንደገና አነሳችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

የሒሳብ መምህሩ ነበር፣ ጠመኔ ሊወስድ የተመለሰ። አለቅዬ ወረቀቱን በክንዷ ልትሸፍን ፈልጋ ተወችው። መምህሩ ጎንበስ ብሎ ተራ ቁጥሩን አየ።

«ቲቸር፣ ባስተካክለው እርስዎን ያነሱዎታል።»

«ያነሱኛል» አለ። ሌላ ነገር የሚል መስሏት ጠበቀች። የሁለት ልጆች አባት እንደሆነ፣ ቤቱም እዚሁ ሰፈር እንደሆነ ታውቃለች። እሱ ጠመኔውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«የቀረችው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፈተናው በኋላ ካለው ሰኞ።»

«ከሰኞ ጀምሪ እንግዲህ። ቀን እንዳትሳሳቺ፤ ከተዘበራረቀ አይቀበሉትም።» ይህን ብሎ ጠመኔውን ኪሱ ከተተና ወጣ።

አንዱን ሰርዛ «ቀሪ»፣ ቀጥሎ ያለውንም ሰርዛ «ቀሪ» እያለች አርባ አንዱንም ጻፈች። ስትጨርስ ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀር ነበር።

ዳይሬክተሩ ቢሮው በር ላይ ቆሞ የየክፍሉን ስም መጥሪያ እየተቀበለ ይከምራል። ሴትዮዋ ከጀርባው ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች።

«ጎበዝ፣ አምጪ» አለና እጁን ዘረጋ።

አለቅዬ ስም መጥሪያውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«ለእሳቸው ነው የምሰጠው» አለች፣ ወደ ሴትዮዋ እያየች።