አለቃ መብላት የጀመረ ሰሞን

የሜትር እናት እንደምትለው ሕፃኑ ደህና ነበር። በገዛ እጁ አፉ የከተታት የካሮት ቁራጭ ወደ ጉሮሮው ስትጠጋ አቅለሸለሸው፤ ፊቱ ቀላ፤ አሳለ። በምላሱ እየገፋ ከንፈሩ ላይ ሊያደርሳት ምንም ሳይቀረው አክስትየዋ ዘላ ጣቷን ከተተችና ወደ ውስጥ መለሰቻት። ልጁ የታፈነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ካሮቷ የወጣችው እናትየዋ ሮጣ ጀርባውን ስትመታው ነው። «እትዬ እጃቸውን ቢሰበስቡ ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር» ትላለች እናቷ።

አክስቷ እንደምትለው ደግሞ ሕፃኑ አልቆለት ነበር። ድምፁ ጠፍቷል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ዓይኑ ተገልብጧል። እሷ ጣቷን ከትታ ያቺን ካሮት ባታላላት ኖሮ፣ እናትየዋ ከበር ሮጣ መጥታ ጀርባውን ብትመታው ባትመታው ለውጥ አልነበረውም። «እኔ ባልኖር ዛሬ እየተላቀስን ነበር» ትላለች አክስቷ።

ሁለቱም አይዋሹም። እያንዳንዳቸው ያመኑትን ነው የሚናገሩት። ችግሩ ሁለቱ ወሬዎች አንድ ቤት ውስጥ አብረው ማደር አለመቻላቸው ነው።

በዚያች ደቂቃ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የሒሳብ ደብተሯን ዘርግታ የተቀመጠች ሦስተኛ ሰው ነበረች፣ የሕፃኑ እህት። ቁመቷ የክፍል ጓደኞቿን ጥሎ ስለሄደ ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም «ሜትር» ይላታል። ሁለቱም ሴቶች በየተራ ጠይቀዋታል። ለሁለቱም «ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ ነበር፤ አላየሁም» ብላለች።

አይታለች። ሁሉንም አይታለች።

ነገሩ የተጀመረው በሳቅ ነበር። እናቷ የምትሠራው አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስትተኩስ ትውላለች። አብረዋት ከሚተኩሱት አንዷ ልጇን በማንኪያ አጉርሳ እንደማታውቅ፣ ስድስት ወር ሞልቶት ቀጥ ብሎ መቀመጥ ሲችል የበሰለ አትክልት ፊቱ አስቀምጣ በገዛ እጁ እንዲበላ እንደተወችው ነገረቻት። እናቷ ወሬውን ይዛ ገባች።

«ጥርስ የሌለው ልጅ?» አለች አክስቷ፣ የምትሰፋውን ቀሚስ ጭኗ ላይ አስቀምጣ። «በምኑ ነው የሚያኝከው? በድዱ?»

«አዎ እትዬ፣ በድዱ! ድድ እኮ ጠንካራ ነው።»

«እንግዲህ ነገ ደግሞ ሥራ ፈልጉለታ! ራሱን ቻለ ማለት ነው።»

ሜትር ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሕፃኑን «አለቃ» ብላ የሰየመችው እሷ ናት፤ እሱ ሲያለቅስ ቤቱ በሙሉ ስለሚሮጥ። በመጀመሪያው ቀን አለቃ የተቀቀለ ዱባ ቀረበለት። ዱባዋን ዳኛ ማስረጃ እንደሚያይ አገላብጦ አያት፤ ከዚያ ግንባሩን ቀባ፤ ከዚያ ጆሮውን። ወለሉ የድርሻውን ወሰደ። በመጨረሻ ጥቂት ወደ አፉ ገባችና ሎሚ እንደላሰ ሰው ፊቱን ጨመደደ። እናቷ ልብሷ ላይ ያለውን የእንፋሎት ሽታ እንደያዘች ወለሉ ላይ ተንበርክካ አጨበጨበች። አክስቷ ሳይቀር ፈገግ አለች። እንዲህ ያለ ቀን ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ከካሮቷ ወዲህ አለቃ ሰው እጁን ወደ ፊቱ ባስጠጋ ቁጥር ከንፈሩን ግጥም ያደርጋል። ማንኪያ ሲያይ አንገቱን ያዞራል። ጡት ይጠባል፤ እናቷ ግን ሥራ ከተመለሰች ጀምሮ ወተቷ እየቀነሰ ሄዷል። ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ የምትመለሰው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። በሰፈሩ ዓመት ያልሞላው ሕፃን የሚቀበል መዋያ የለም። ሜትር ትምህርት ቤት ትውላለች። ስለዚህ አለቃን የምትይዘው አክስቷ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ሳይቀር ወደ እነሱ ቤት ያመጣችው ለእሱ ብላ ነው።

የመመዘኛው ቀን ደረሰና እናቷ ፈረቃ ቀይራ ሜትርን አስከትላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ወላጆች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። የእናቷ ጥያቄ ነበር ወሬውን የከፈተው፤ ለካ በገዛ እጁ የሚያስበላው ብዙ ሰው ነው።

«የኔዋ ሙዝ ስታይ ታለቅስ ነበር» አለች አንዲት ወጣት እናት። «ሙዝ ስለማትወድ እንዳይመስላችሁ፤ ከእጇ እያሟለጨ ስለሚያመልጣት ተናድዳ ነው።»

«ከልጣጩ ትንሽ ተይላት፤ መያዣ ይሆናታል» አለቻት ሌላዋ። «እኔ ደግሞ የመጀመሪያውን ወር ያበላሁት ወለሉን ነው። ወለላችን ወፈረ፤ ልጄ እንዳለ ነው።»

ጥግ ላይ ክንዱ በብየዳ ፍንጣሪ ጠባሳ የተሞላ ሰውዬ ሴት ልጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነበር። «እሳት ሲፈነዳ ዓይኔን የማላርገበግብ ሰው ነኝ» አለ። «ይቺ ድንች ሲያቅለሸልሻት ግን ጣቴን ልከትባት ነበር። ሚስቴ እጅህን ቀበቶህ ውስጥ ክተት አለችኝ። ከተትኩ። ስታስል፣ ስትቀላ፣ እኔ ቀበቶዬን ይዤ ስጸልይ፣ ድንቿን ጉልበቴ ላይ ተፋቻትና መልሳ በላቻት!»

ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ። እናቷ አልሳቀችም።

በሩ ላይ የቆመችው ነርስ ወሬውን ሰምታ ኖሮ ጣልቃ ገባች። «ልክ አድርጋችኋል። የሚያቅለሸልሸው ልጅ ድምፅ አለው፤ ያስላል፣ ይቀላል፣ ራሱ ያወጣዋል። የታፈነ ልጅ ድምፅ የለውም። ድምፅ እያለ እጃችሁን ሰብስቡ። ድምፅ ከጠፋ ክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኙት፤ ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ በትከሻዎቹ መሃል ምቱት። በጭፍን ጣት መክተት ግን የለም። ጣት ይገፋል።»

እናቷ ወደ ሜትር ዞረች። «ሰማሽ?»

ሜትር የጫማዋን ማሰሪያ አየች። ያን ቀን አለቃ እያሳለ ነበር። ድምፁ እስከ ጎረቤት የሚሰማ ሳል ነበር። ጸጥ ያለው የአክስቷ ጣት ከገባ በኋላ ነው።

ሚዛኑ የአለቃ ክብደት ካለፈው መቀነሱን አሳየ። ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምግቡን አይደለም የፈራው፤ እጅ ነው የፈራው። ጠዋትና ቀትር፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው አብሮት ይቀመጥ። ሳይነካው፣ ሳያባብለው። ሊቆይ ይችላል። እንዲህ እየቀነሰ ከሄደ ግን ሆስፒታል እልከዋለሁ።»

«አንድ ሰው» አለች እናቷ መንገድ ላይ፣ ለራሷ እንደምትናገር። «አንድ ሰው ከየት አመጣለሁ?»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሜትር አክስቷን ማንኪያ እንደያዘች አገኘቻት። የተፈጨ ድንች ነው። አለቃ ወንበሩ ላይ ሆኖ ግድግዳውን ያያል።

«አንዴ ብቻ፣ ለአክስትህ። አንዴ የኔ ጌታ።»

ከንፈሩ አልተከፈተም።

«አክስቴ፣ የተቀቀለውን ፊቱ እናስቀምጥለትና ራቅ እንበል» አለች ሜትር። «ነርሷ እንደዚያ ነው ያለችው።»

አክስቷ ማንኪያውን አስቀመጠች። «እሺ። እንዳልሽ።»

በሁለት ጣት ሲጫኑት የሚደቅ የድንች ቁራጭ አስቀመጡለትና እስከ መስኮቱ ድረስ ራቁ። አለቃ ድንቹን አየ፤ ከዚያ የአክስቷን እጅ አየ፤ እንደገና ድንቹን። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ቀስ ብሎ አነሳው። ወደ አፉ ወሰደው። ገመጠ፤ አላመጠ፤ «እኽ» አለ።

ትንሽ «እኽ» ነበረች። ግን አክስቷ ከመስኮቱ ወንበሩ ጋ በምን እንደደረሰች ሜትር አላየችም። ያ ክር በመርፌ ቀዳዳ ሲያሾልክ የኖረ ፈጣን ጣት አፉ ውስጥ ገብቶ ነበር። አለቃ ጩኸቱን አቀለጠው። ድንቹ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ አፉን አልከፈተም።

አክስቷ እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው። «ያዢው እለዋለሁ ራሴን። አይያዝልኝም።» ስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀመጠች። «አንቺ ሳትወለጂ የኔም ልጅ ነበረችኝ። እሱን ነበር የምታክለው። ባቄላ አግኝታ አፏ ከተተች። ልሮጥ ስል ያሉት ሁሉ ያዙኝ። አትንኪያት፣ ታሳልና ይወጣላታል አሉኝ። እጄን አጣጥፌ ቆምኩ።»

መኪናዋ ላይ የተወጠረውን ጨርቅ በመዳፏ ደጋግማ ዳበሰች።

«አልወጣላትም።»

ሜትር ጎንበስ ብላ የወደቀውን ድንች ከወለሉ ለቀመች።

«ይህንን ግን አዳንኩት» አለች አክስቷ፣ ዓይኗ እየተንከራተተ። «አይደል? ነበርሽ እኮ። አይተሻል አይደል?»

ሜትር በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

በበነጋታው ትምህርት ቤት በር ላይ ጓደኛዋ «ምነው ፊትሽ እንደ ተቀጣ ሰው?» አለቻት። የሆነውን ስትነግራት «አቦ ተያቸው! የአዋቂዎች ጣጣ ነው፤ አንቺ ምን አገባሽ? ፈተናው እኮ ደርሷል» አለች። ሜትር ልታስረዳት ሞከረች። እውነቱን ብትናገር አክስቷ «ሁለተኛ ልጅ ልትገድል ነበር» ተብላ ትሄዳለች፤ ዝም ብትል የአክስቷ እጆች አለቃ አፍ ውስጥ እንደገቡ ይኖራሉ። ጓደኛዋ አዳምጣ ስትጨርስ «ይኼ እኮ መልስ የለውም» አለች። ሜትርም ሒሳብ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሟት አያውቅም።

አባቷ ቅዳሜ ከሰዓት ገባ። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ቤቱን የሚያየው እንደ እንግዳ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ አለቃን ብድግ አደረገው፤ አውርዶ እንደገና አነሳው። ሜትር ገብቷታል። ልጁ ቀሎታል።

«አንድ በአንድ ንገሩኝ» አለ ቁጭ ብሎ።

እናቷ ተናገረች። አክስቷ ተናገረች። ቃል በቃል ያው ነው፤ ድምፃቸው ብቻ ደክሟል።

«እህቴ ያየችውን አንቺ አላየሽም» አለ ለሚስቱ፣ በቀስታ።

«አውቃለሁ። ነግረኸኛል። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው» አለች እናቷ። «ግን ልጁ እያለቀብኝ ነው። ወይ እትዬ ይረፉ፣ ወይ እኔ ሥራዬን ልተው።»

«ሥራሽን ትተሽ በኔ ደሞዝ ብቻ? የቤት ኪራዩንስ?»

«እንግዲያ አንተ ንገረኛ!»

«እኔ እሄዳለሁ» አለች አክስቷ። «አትጣሉብኝ። ልጅ ገዳይ ከተባልኩ እሄዳለሁ።»

«ማን እንደዚያ አለ እትዬ?»

«ማንም አላለም። እኔ ሰምቼዋለሁ።»

አባቷ ወደ ሜትር ዞረ። «ልጄ፣ አንቺ እዚህ ነበርሽ። ልጁ ድምፁ የጠፋው መቼ ነው? የአክስትሽ ጣት ሳይገባ ነው ወይስ ከገባ በኋላ?»

አክስቷ ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር ከትታ ተቀምጣባቸዋለች። እናቷ ጣቶቿን ታፍተለትላለች፤ ጫፋቸው በእንፋሎት ተልጧል። አለቃ ከአባቷ ትከሻ በላይ ሜትርን እያያት ነው፤ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ።

«አባዬ፣ እሱን አትጠይቀኝ» አለች።

«ምን ማለት ነው? አይተሻል ወይስ አላየሽም?»

«ብናገርም ባልናገርም ሰኞ ጠዋት ያው የሚያስበላው ሰው የለም።»

አባቷ አለቃን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረው።

«ነርሷ አንድ ሰው ነው ያለችው» አለች ሜትር። «ቀን ቀን እኔ እቀመጣለሁ። አክስቴ አትሂድ፤ ስፌቷን እዚሁ ትስፋ፤ ሲበላ ግን ጓዳ ትሁን። እኔ ለማታው ክፍል እመዘገባለሁ።»

«አይሆንም!» እናቷ ተነሳች። «በፈተናሽ ዓመት? አይሆንም አልኩ!»

አክስቷን አየች፤ የአለቃን ቀጫጭን ክንዶች አየች፤ መልሳ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ እኔም እኮ የማታ ተማሪ ነበርኩ» አለ አባቷ። «አስተማሪው አንዱን ቀን መጥቶ ሁለቱን ይቀራል። መብራት አንዳንዴ የለም። ለጊዜው ነው ብዬ ገባሁ። ከዚያ መሪ ጨበጥኩ። ከእኛ ክፍል ያንን ፈተና ያለፈ አላውቅም።»

«ለአንድ ወር ብቻ ቢሆንስ?» አለች አክስቷ፣ ከተቀመጠችበት እጇን ሳታወጣ።

ማንም አላመናትም፤ ራሷም።

ሜትር ሄዳ አለቃን ከአባቷ ተቀበለችው። ክንዷ ላይ ክብደቱ ሊሰማት ይገባ ነበር።

«ገብቶኛል አባዬ» አለች። «ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄደህ ስሜን ወደ ማታው አዛውርልኝ። እኔ እዚህ ነኝ።»