በገንቦ የታሸገ ትንፋሽ

በሐውዛር መንግሥት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የቤተ ፈውሱ ታላቅ ደወል ማንም ሳይነካው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። የድምፁ ንዝረት ገና ሳይበርድ ሰባቱ አረጋውያን ፈዋሾች በየሕመምተኛው ራስጌ እንደ ቆሙ ድንጋይ ሆኑ። አንደኛው የሕፃን ግንባር ሊዳስስ እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ፤ ሕፃኑም ከዚያ ከቀዘቀዘ መዳፍ ሥር ሲያለቅስ ዋለ።

ወዲያው ከምድር ቤቱ ጩኸት ተሰማ። እዚያ አንድ ሺህ ገንቦዎች ነበሩ። የሐውዛር ፈዋሽ ሥራ ሲጀምር «ፊቴን ለሕመምተኛ አልገልጥም፤ ከአልጋው አጠገብ አልቀመጥም፤ ኀዘኔን ለሰው ጆሮ አላሰማም» ብሎ ይምላል። ሰው ሲሞትበት ለቤተሰቡ አይናገርም። የሟቹን ጋቢ አራት አጥፎ በበሩ ድንጋይ ላይ ያኖረዋል፤ ቤተሰቡም ጋቢውን አይቶ መርዶውን ይረዳል። ፈዋሹ ደግሞ ወደ ምድር ቤት ይወርድና የውስጡን ኀዘን ወደ ገንቦ ተንፍሶ፣ በሰም አሽጎ፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ይሮጣል። ሦስት መቶ ዓመት እንዲህ ተኖረ። ያን ጠዋት ግን ሰሙ ሁሉ ተሰብሮ፣ ገንቦው ሁሉ ባዶውን ተገኘ። የሰረቀው ሞርጋል ነበር፤ የጥቁር ገደሉ አውሬ።

ወይዘሮ ውዳላት ይህን ሁሉ የሰሙት በሩ ላይ ቆመው ነው። ለልጅ ልጃቸው ለናሆሚት ደረቅ ልብስና አንድ ቋጠሮ በሶ ይዘው መጥተው ነበር። ናሆሚት እናቷ ከሞተች ወዲህ በእሳቸው እጅ ያደገች፣ አራት ዓመት የፈወሰች ወጣት ናት። አያትየው ሁልጊዜ ይመጣሉ፤ ሁልጊዜም «ሥራ አለባት» ይባሉና ዕቃውን ለዘበኛ ሰጥተው ይመለሳሉ። «ታፍርብኛለች» ይሉ ነበር በልባቸው። ለማንም ግን አልተናገሩትም።

ሊቀ ፈዋሽ ኤርሞን፣ እስከ ወገባቸው ድንጋይ ሆነው፣ በአራት ሰው ተደግፈው ወደ አደባባይ ወጡ።

«ናሆሚት ሆይ!» አሉ። «ከእኛ መካከል መራመድ የቻልሽ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ድንጋይ የሆነው ሁለት ጣትሽ ነውና። የጥንቱ ትንቢት፣ ለሰው ያልተነገረ ኀዘን ጆሮ ፍለጋ ይወጣል፤ የሰማውንም ያስረዋል ይላል። ትርጉሙን አናውቅም። ይህን ሰይፍ ያዢ! ሞርጋልን ገድለሽ ትንፋሻችንን መልሺ! ድንጋዩ ልብሽ ላይ ከደረሰ ግን አንቺም አትመለሽም፤ በሐውዛርም የታመመ ሁሉ ያልቃል።»

«ሁለት ጣት?» አሉ ውዳላት፣ ሕዝቡን በክርናቸው እየገፉ። «የትኛው ጣት? እጅሽን አምጪ እስቲ!»

ናሆሚት እጇን እጅጌዋ ውስጥ ሸሸገች።

«ብቻዋን አትሄድም!»

«እሜቴ፣ ይህ የጀግና መንገድ ነው» አሉ ሊቁ።

«በጀግና መንገድ ላይ ምሳ አይበላም? በሁለት ድንጋይ ጣት በሶ ማን ይበጥብጥላት?»

በቅሎዎቹን የሚመራ ሰው ከቤተ መንግሥት ታዘዘ፤ ባልደራስ ጋርሙስ፣ ጺሙ ከፊል የሸበተ፣ አፉ መራራ ሰው። ሦስቱ በዚያው ረፋድ ወጡ።

መንገዱ የሦስት ቀን ነበር፤ የማያልቅ ጭንጫ፣ ዛፉ ሁሉ የከሰለ። የሚያገኟቸው መንደሮች በራቸውን ዘግተዋል። ከየቤቱ የሕመምተኛ ሲቃ ይሰማል፤ ናሆሚትን ሲያዩ ግን የሚለምኗት አልነበሩም። ፈዋሽ ብትመጣ ምን ትነግረናለች?

«ልጄ፣ ነጠላሽን ደርቢ። ከገደሉ የሚነሣው ነፋስ ደግ አይደለም» ይላሉ ውዳላት።

«አይበርደኝም።»

«እንዴት አይበርድሽም? እኔ እንኳ ሁለት ደርቤ...» አሉና አቋረጡት። ድንጋይ እንደማይበርደው ትዝ ብሏቸው ነው። ፊቷን ከሸፈነው ዓይነ ርግብ በላይ የሚታዩት ሁለት ዓይኖች ያሳደጓት ልጅ ዓይኖች አልመስል አሏቸው።

በሁለተኛው ቀን አንዷ በቅሎ አነከሰች። ጋርሙስ ሰኮናዋን እያየ፣ «እመቤት ፈዋሽ፣ ታዪልኛለሽ ወይስ ጋቢዋን አጥፌ ልጠብቅሽ?» አለ።

«አንተ! ምን ያለ ነገር ነው?» አሉ ውዳላት።

«እሜቴ፣ እርስዎን አልተናገርኩም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረችኝ፤ ሐመሪት። ሳል ያዛት። ስድስት ቀን በሩ ላይ ቆሜ ጠየቅሁ፤ አንድም መልስ የለም። በሰባተኛው ጠዋት ጋቢዋን ድንጋዩ ላይ አየሁት። እናቷ ጠርዙን በቀይ ክር ዘምዝማው ነበርና ከሩቅ ለየሁት። በቃ፣ ይኸው ነው። ጠምቷት ነበር? ጠርታኝ ነበር? ይህንን የሚነግረኝ አንድ ሰው ይጥፋ?»

ናሆሚት ፊቷን ሳትመልስ፣ «ሥርዓቱ እንደዚያ ነው» አለች።

ያን ጊዜ ውዳላት እንደ ደረቅ ጭቃ ስንጥቅ የሚል ድምፅ ሰሙ። ድንጋዩ እስከ ክርኗ ወጥቶ ነበር። ጮኸው የያዟት መስሏቸው ነበር፤ አፋቸው ግን «በሶውን ትንሽ ቅመሺ» ብቻ አለ።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ጥቁር ገደል ደረሱ። ሞርጋል በሥሩ ተጋድሟል፤ ኮረብታ የሚያህል ጥቁር ሥጋ፣ ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፣ ሁለመናው አፍ ነው። ሺህ አፍ በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ አንዱ ሌላውን አይሰማም።

«ሁለት ቀን አልተኛሁም...»

«መድኃኒቱን አሳስቼ ይሆን? እኔ ገድዬው ይሆን?»

«እንዴት ዋልሽ የሚለኝ የለም...»

ናሆሚት ሰይፉን መዝዛ ወረደች። መታችው፤ ቁስሉ ከንፈር አወጣና ማውራት ጀመረ። ደግማ መታችው፤ ደግሞ አፍ። በመታችው ቁጥር ድንጋዩ ወጣ፤ ትከሻዋ ላይ ደረሰ፤ ሰይፉም ከእጇ ወደቀ። ከአፎቹም አንዱ በእሷው ድምፅ ተናገረ።

«የባልደራስ ልጅ አባቷን ጠራች። ይመጣል አልኳት። በሩ ላይ ቆሞ እንደነበር አውቅ ነበር።»

ጋርሙስ ልጓሙን ለቀቀ። እጁ ወደ ጩቤው ሄደ። ውዳላት በዚያ በማይታዘዝ ጉልበታቸው ሮጠው መካከል ገቡ።

«እኔን ሳትገድል አትነካትም!»

«አልነካትም፣ እሜቴ» አለ፣ እጁን ከጩቤው እያነሣ። «ግን በገዛ አፏ ትንገረኝ። የልጄን ነገር አውሬ አይንገረኝ።»

ናሆሚት በደኅናው እጇ ዓይነ ርግቧን ፈታች። ውዳላት ፊቷን ካዩት አራት ዓመታቸው ነው። ጉንጯ ጎድጉዷል፤ ከንፈሯ ተነክሶ ተነክሶ ቆስሏል። በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ በጋርሙስ ፊት ለፊት ተቀመጠች። መሐላዋ በዚያች ቅጽበት ፈረሰ።

«ሐመሪት ጎህ ሲቀድ ነው ያረፈችው» አለች። «ውሃ ለምና ጠጥታለች፤ አልጠማትም። ሦስት ጊዜ ጠርታዎታለች። ልጠራዎት ተነሥቼ ነበር፤ ከሌላ አልጋ ጮኹብኝ፤ ወደዚያ ሄድኩ። ስመለስ አልፋለች። እጇን ይዤ ነበር ብዬ ልዋሽዎት እችል ነበር፤ አልያዝኩም። በዚያ ሳምንት አርባ ጋቢ አጥፌአለሁ። የእሷን ሳጥፍ እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም።»

ጋርሙስ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለ።

«ውሃ ጠጥታለች?»

«ጠጥታለች።»

ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። እያለቀሰም መዳፉን በድንጋይ ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ድንጋዩ ተሰነጠቀ፤ ከትከሻዋ እስከ ጣቶቿ እየተቀረፈ ወደቀ። ከሞርጋል አፎችም አንዱ ተዘጋ።

ውዳላት ትንቢቱን ያን ጊዜ ተረዱት። አውሬው ጆሮ ነው የፈለገው። የቀሩት ትንፋሾች ባለቤቶች ግን ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ድንጋይ ሆነዋል፤ የሌላውን ሁሉ ለብቻው የሚሰማ ደግሞ ይታሰራል፤ እሱም ድንጋይ ይሆናል።

«እኔ እሰማለሁ» አለች ናሆሚት።

«አንቺማ ሞልተሻል» አሉ ውዳላት።

«እኔ ልቀመጥ» አለ ጋርሙስ።

«አንተ ወርደህ ለሐውዛር ትናገራለህ። ጋቢ ለደረሳቸው ሁሉ ይነገራቸው። እኔ ከመጨነቅ በቀር ሥራ የለኝም፤ ጭንቀት ደግሞ መስማት ያስተምራል።» ቀኝ እጃቸውን አነሡ። «በልጄ መቃብር እምላለሁ፤ አንድ አፍ ሳይሰማ አልነሣም!»

«እምዬ፣ ተይ! እለምንሻለሁ!»

«እግርሽን ሸፍኚ፤ መሬቱ ቀዝቃዛ ነው» አሏትና ተቀመጡ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሰሙ። ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ማንም ያልሰማውን ድካም፣ ጥፋት፣ ፍርሃት፣ አንድ በአንድ፣ «እሺ ልጄ፣ ከዚያስ?» እያሉ። አፍ በተዘጋ ቁጥር ሞርጋል አነሰ፤ ድንጋዩም በእሳቸው ላይ ወጣ። ጉልበታቸው ሲደርስ «ሕመሙ እንኳ ተወኝ» ብለው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ናሆሚት ግን አልሣቀችም፤ ወገባቸውን አቅፋ ድንጋዩን በጥፍሯ ትቧጥጥ ነበር።

አውሬው ጡጫ ሲያህል፣ ከሩቅ የተሰነጠቀው ደወል ተሰማ። በቤተ ፈውሱ የፈዋሾች እጅ ሞቀ። ከሰባቱ አረጋውያን አራቱ ተንቀሳቀሱ፤ ሦስቱ ዛሬም እንደ ቆሙ ናቸው። ሕፃኑም የፈዋሹ እጅ እስኪሞቅ በሕይወት አልቆየም። ከዚያ ወዲህ በሐውዛር ጋቢ አይታጠፍም፤ ፈዋሽ ፊቱን ገልጦ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጣል፣ ማታ ማታም ሁለት ሁለት ሆነው የዋሉበትን ይነጋገራሉ።

በገደሉ ሥር ግን አንድ አፍ ቀርቶ ነበር። የናሆሚት ነው።

«አያቴ በሩ ላይ መጥታለች። ሥራ አለባት በላት አልኩት ዘበኛውን። ሥራ አልነበረብኝም። ፊቴን ካየች ታውቅብኛለች፤ ካወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም። ቋጠሮዋን ሰጥታ ጎንበስ ብላ ስትመለስ በመስኮት አየኋት። ሁልጊዜ በመስኮት አያታለሁ።»

አፉ ተዘጋ፤ ሞርጋልም ጠፋ። ውዳላት «እኔ እኮ ታፍርብኛለች ብዬ ነበር» ሊሉ ፈለጉ፤ አፋቸው ግን ድንጋይ ሆኖ ነበር። የቀራቸው ጆሯቸው ብቻ ነው።

ጋርሙስ በቅሎውን ይዞ ወደ ሐውዛር ወረደ። ናሆሚት አልተከተለችውም። ነጠላዋን በእግሯ ላይ ደርባ በአያቷ ፊት ለፊት ተቀመጠችና፣ «እምዬ፣ ፈዋሽ የሆንኩበት የመጀመሪያው ቀን...» ብላ ጀመረች።

አያትየው የመጀመሪያውን ዓመት ሰሙ። ሁለተኛውንም ሰሙ። ሦስተኛውን አልደረሱበትም፤ ጆሯቸውም ድንጋይ ሆኖ ነበር። ልጅቷ ግን አላወቀችምና እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው።