ያልተኙት አይጦች

ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቶ ሲገኝ፣ ከልቡ ያዘነለት ቢቆጠር ግማሽ ሰው አይሞላም። በሻይ ፔርሙዙ ውስጥ ዝሆን የሚያስተኛ ማረጋጊያ መድኃኒት ተገኘ። ፖሊስ የላቦራቶሪውን መድኃኒት ቁም ሣጥን ወዲያው አሸገ። ቁልፉ ያለው ምክትሉና አይጥ ጠባቂው ጋ ብቻ ነው። ምክትሉ ዶክተር ነው፤ ዶክተር ደግሞ፣ በፖሊሶቹ ጭንቅላት፣ ሰው አይገድልም፤ ስለዚህ ካቴናው ለጠባቂው ተዘጋጀ።

በሦስተኛው ቀን «ወንፊት» መጣች። ይህችን መርማሪ የሚያታልል ሰው ገና አልተወለደም። ጠባቂውን የአይጦቹን ሳጥን ሲያጸዳ አገኘችው።

«ጋሼ፣ እዚህ ምንድን ነው የሚሠራው?»

«አይጦቹን መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚመስል በሽታ ያስይዟቸዋል። የገዛ ሰውነታቸው የነርቫቸውን ሽፋን ይበላዋል፤ እግራቸው ይሰንፋል። ማረጋጊያው ሽባነቱን የሚያዘገየው እንደሆነ ለማየት ምክትሉ ጠዋት ጠዋት ይወጋቸዋል።»

«ፕሮፌሰሩ በሞተበት ጠዋትስ?»

«ወጋ። ግን ልጄ፣ አንዱም አልተኛም። እግሩ የሞተው እንኳ በደረቱ እየተሳበ ምግብ ይለቅማል። ለምክትሉ ብነግረው ‹አንተ መጥረጊያህን ያዝ› አለኝ።»

ወንፊት በታሸገው ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን የማረጋጊያ ጠርሙስ አስመረመረች። ውኃ ነበር።

ከዚያ ጠባቂውን፣ ምክትሉንና የሟቹን ሚስት ሰበሰበች። ምክትሉ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

«ቶሎ ጨርሺው እንጂ። ጠራጊው ቁልፍ ነበረው አይደል?»

«አንተም ነበረህ። መድኃኒቱን ሻዩ ውስጥ የጨመረው ሰው ጠርሙሱን በውኃ ሞላው። ጋሼ ቢሆኑ ኖሮ ‹አይጦቹ አልተኙም› ብለው ወደ ጠርሙሱ አይመሩኝም። የአንተ የዚያ ዕለት መዝገብ ግን ‹ሁሉም በአምስት ደቂቃ ተኙ› ይላል። ውኃ ተወግቶ የሚተኛ አይጥ እስቲ አሳየኝ።»

ምክትሉ ያነባበረውን እግሩን አወረደ። «ሳላይ ነው የጻፍኩት። ሁልጊዜም እንደዚያው ነው። አይጥ ፊት ተገትሬ ደቂቃ ልቁጠር?»

ሚስትየዋ ቀና አለች። «ባሌ በዋዜማው እራት ላይ ‹መዝገቡ ፈጠራ ነው፤ ነገ ጥናቱን ሰርዤ የጻፈውን አባርራለሁ፤ ለራሱም ነግሬዋለሁ› ብሎኝ ነበር። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

«ጻፊው ራሱ ነገረን» አለች ወንፊት። «ከነፍሰ ገዳይነት ላምልጥ ብሎ ምክንያቱን በእጃችን አስቀመጠ።»

ለጠባቂው የመጣው ካቴና ምክትሉ እጅ ላይ ገባ።

«የአሥር ዓመት ጥናቴን ነው ያፈረስሽው» አለ።

«የምን ጥናት? በአሥር ዓመት መድኃኒቱን በትክክል የሞከርከው በአንድ ፕሮፌሰር ላይ ነው። እሱንም አልመዘገብከውም።»