በአራተኛው እርምጃ የሚሰጥ ፈረስ

እውነቱን እንናገር ከተባለ አብዱልሐሊም ቼዝ አይችልም ነበር። በፊቱም ብየዋለሁ፤ ከኋላው የማማው እንዳይመስላችሁ። ቼዝ የሚችል ሰው በአራተኛው እርምጃ ላይ ፈረሱን በአንድ ተራ ወታደር አይለውጥም። እሱ ግን ነጩ በደረሰው ቁጥር ይለውጥ ነበር። ሁለታችንም ፈረሶቻችንን አውጥተን ሰሌዳው ገና ሰላም ሳለ፣ የሱ ፈረስ ዘሎ መሐል የቆመውን ወታደሬን ይበላል። ወታደሩን የሚጠብቅ ፈረስ አለኝና መልሼ እበላዋለሁ። አንድ ፈረስ በነፃ አገኘሁ ማለት ነው።

እኔ ሀጂራ ነኝ፣ የመርሳው የአብዱሰመድ ልጅ። ያኔ ዋናው መንገድ ዳር አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ከዙሁር ሶላት በኋላ ሰው ጭር ሲል ስልኬን ባንኮኒው ሥር ይዤ በኢንተርኔት ቼዝ እጫወታለሁ። ነጥብ የማይያዝበት፣ ለአንድ ሰው አስር ደቂቃ የሚሰጥ፣ የጊዜ ማሳለፊያ ጨዋታ ነው። የተመዘገብኩት «የመርሳ ማንጎ» ብዬ ነበር። ሴት መሆኔ ከታወቀ ጨዋታውን ትተው ስልክ ቁጥር ይጠይቁኛል ብዬ ነው።

በ2013 ጥር ላይ «የሐራ ልጅ» ከሚባል ሰው ጋር ተገጣጠምኩ። ፈረሱን ሲሰጠኝ ጣቱ ስቶ ነው ብዬ ሳቅሁ። ወዲያው ሁለት የመሐል ወታደሮቹ እየተከታተሉ ፈረሶቼን ወደ መጡበት ያባርሯቸው ጀመር። ያገኘሁትን ላለመልቀቅ ስሸሽ፣ ሌላውን ሁሉ ሳላወጣ ንጉሤ ተያዘ። ከጨዋታው ሥር መጻፊያ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ «ወንድሜ፣ ማንጎው ደረሰ ወይ?» ብሎ ጻፈልኝ። ገና ነው አልኩት። በንዴት ድጋሚ ጠራሁትና ድጋሚ ተሸነፍኩ።

አስር ቀን ሙሉ «ወንድሜ» ሲለኝ ዝም አልኩ። በአስራ አንደኛው ቀን ሀጂራ እንደምባልና የት እንደምሠራ ነገርኩት። ቀጣዩን እርምጃ አልተጫወተም። ሰዓቱ አልቆ በጊዜ ተሸነፈ። አፈረና ጠፋ አልኩ፤ ለምን እንደከፋኝ ግን ራሴንም አልጠየቅሁም።

በሳምንቱ የገበያ ቀን ነበር። መድኃኒት ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ሳለ አንድ ቀጭን ጠይም ወጣት ተራውን ጠብቆ ባንኮኒው ጋ ደረሰ። ጥፍሮቹ ሥር ግሪስ ነበረ። ምን ልስጥህ አልኩት።

«የመርሳ ማንጎ የሚባል ወንድሜን ፈልጌ ነበር» አለኝ፣ ፊቱ ላይ ሳቅ ሳያሳይ።

ከኋላው የቆሙ አንዲት እናት ማንጎ ከሆነ ታች ገበያ ነው ብለው አቅጣጫውን አሳዩት። በትህትና አመሰገናቸው፤ ዓይኑን ግን ከኔ አልነቀለም። እጄ ላይ የያዝኩት የሳል ሽሮፕ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። ስሙን አብዱልሐሊም ብሎ ነገረኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሐሊም ነው የምለው።

የሐራ ልጅ ነው፤ ወልዲያ ተቀምጦ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። በየአስራ አምስት ቀኑ በሚኒባስ ይመጣና ጎረቤት ካለው ጁስ ቤት እንቀመጣለን፣ ሰው ምንም እንዳይል ፊታችንን ወደ መንገዱ አድርገን። በመካከላችን ስልኩን ያስቀምጣል። ሲያዳምጥ ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል፣ ሲናገር ቀና ይላል። እኔ ደግሞ ቀና ሲል ወደ መንገዱ አያለሁ።

አንድ ቀን ስህተት መሆኑን እያወቀ ለምን እንደሚጫወተው ጠየቅሁት። ቼዝ የሚያሰላው ማሽን ራሱ ያ ፈረስ ከተሰጠ በኋላ ነጩ ሟች ነው ይላል፤ እኔ አስገብቼ አይቼዋለሁ።

«ማሽን አይደነግጥማ» አለኝ። «ሰው ይደነግጣል። አንቺ ደግሞ ከሰው ሁሉ ትብሻለሽ። መድኃኒቱ እኮ ቀላል ነው፤ የወሰድሽውን ፈረስ በሰዓቱ መልሰሽ ስጪኝ። ያኔ ምንም የለኝም፣ ታሸንፊኛለሽ። ግን አንቺ መስጠት አይሆንልሽም።»

ተቆጣሁ። እውነት ስለሆነ ነው የተቆጣሁት። እናቴም «ይቺ ልጅ ከእጇ ነገር አይወጣም» ትላለች፤ እሷ የምትለው ስለ ቃል ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ ለማለት፣ አዎ ለማለት፣ አንደበቴ እሺ አይለኝም። መጀመሪያ ማስላት አለብኝ። አስልቼ ስጨርስ ደግሞ ነገሩ አልፏል።

በመጋቢት አንድ ቀን በስልክ ስንጫወት ፈረሱን ሰጠና ከሥሩ «እወድሻለሁ» ብሎ ጻፈ። ባንኮኒው ጋ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እኔ ስልኩ ላይ ፈዝዣለሁ። መጨረሻ ላይ የጻፍኩለት «ሰዓትህ እየሄደ ነው» የሚል ነበር። ሦስት ጊዜ የሳቀ ፊት ላከልኝ። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ብሎኛል፤ እኔ አንድም ቀን አላልኩትም። ያውቃል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

በሰኔ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀመጡ፣ አበሉ፣ አጠጡ፣ ዘመድ ላማክር ብለው መለሱ። እንዲህ ነው ወጉ። በመጀመሪያ ልመና እሺ ያለ አባት ልጁን የጣለ ይመስላል፤ ሦስት ጊዜ መመላለስ አለ። አባቴ ሐሊምን ከኔ እኩል ሳይወዱት አይቀሩም፤ የማሳችንን ፓምፕ ሳንቲም ሳይነካ የጠገነላቸው እሱ ነው። ቢሆንም ወግ ወግ ነው። ከአረፋ በኋላ ሽማግሌዎቹ ደግመው መጡ። አባቴ አሁንም በፈገግታ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ብቅ በሉ አሏቸው።

በዚያው ሰሞን ከቆቦ በኩል ጦርነቱን የሸሸ ሰው ፍራሹን ተሸክሞ በመርሳ ማለፍ ጀመረ። ሐሊም ደወለልኝ። ድምፁ ውስጥ ጨዋታ አልነበረም።

«መንገዱ ሳይዘጋ ኒካሁ ይታሰር» አለኝ። «ሽማግሌ መጨመር አያስፈልግም፣ አባትሽን አንቺ አንድ ቃል ብትያቸው ይበቃል።»

ምን ብዬ ነው የምላቸው አልኩት። በኛ አገር ዳሩኝ ብላ አባቷን የምትጎተጉት ልጅ ዓይን አውጣ ትባላለች። አሥራ አምስት ቀን ምን አላት፣ በወጉ ይሁን አልኩት። እሺ አለ። ያቺን እሺ እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

ነሐሴ እንደገባ የመጨረሻውን ጨዋታ ተጫወትን። እሱ ወልዲያ ነው፣ ከሩቅ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል ብሎኛል። ፈረሱን እንደ ልማዱ ሰጠ፣ እኔም በላሁ፣ ወታደሮቹ ማባረር ጀመሩ። ዛሬስ ልመልስለት ብዬ ጣቴን አነሳሁ። የምመልስበት ቦታ ይታየኛል። ግን አንዴ ላስላው ብዬ ቆየሁ። የእኔ ሰዓት እየሄደ ሳለ ስልኩ «በመገናኘት ላይ» አለና እዚያው ቀረ። መርሳ ላይ ኔትወርክ አለ፤ የተቋረጠው ወልዲያ ነበር።

በሳምንቱ ጦርነቱ ወደ እኛም ቀረበ። አባቴ እኔንና እናቴን ደሴ አክስቴ ዘንድ ሊልኩን ወሰኑ፤ እሳቸው በሬዎቹንና ማሳውን ጥለው እንደማይሄዱ ተናገሩ። መኪና ስንጠብቅ ወደ ጎን ጠሩኝ። ሦስተኛው ሽማግሌ እንደማይመጣ እናውቃለን፣ አሉኝ።

«ያን ልጅ ትፈልጊዋለሽ ወይ? አላህ ቢያመጣው ምን ልበለው?»

መሬት መሬት አየሁ። ነጠላዬን ጠመዘዝኩ። የድንግል ዝምታዋ ፈቃዷ ነው ይላሉ በሃይማኖታችን፤ አባቴም ያን አስበው ይሁን ትንሽ ጠበቁኝና ጭንቅላቴን ዳሰሱኝ። መኪናው መጣ።

ደሴ ላይ ቀን ሁሉ ወልዲያ እደውል ነበር። የሱም የአባቴም ስልክ አይሠራም። ከዚያ ጎን ያመለጠ ሰው መጣ በተባለ ቁጥር እየሄድኩ እጠይቃለሁ። በመስከረም መጨረሻ ልቤ ሸፈተ። ስንቱ ጫካ ለጫካ ተሻግሮ ዘመዱ ጋ እየደረሰ እሱ ምን ያዘው አልኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝና ሌላ አግኝቶ ይሆናል ብዬ ለአክስቴ ተናገርኩ። ስሙን እየጠራሁ ተቆጣሁ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደሴም ስትነቃነቅ እናቴን ይዤ ደብረ ብርሃን መጠለያ ገባሁ።

ታኅሣሥ ውስጥ መንገዱ ሲከፈት ተመለስን። መርሳ ቆማ ነበር፤ መድኃኒት ቤቱ ግን ባዶ መደርደሪያ ብቻ ሆኗል። አባቴ ከስተው፣ ጢማቸው ነጥቶ ጠበቁን። እናቴን አስለቅሰው አስለቀሱኝ፤ ከዚያ እኔን ብቻ ጓሮ ከማንጎው ሥር አስቀመጡኝ። ሸኽ ዑስማን፣ የመስጊዳችን ሸኽ፣ ቀድመው እዚያ ተቀምጠው ነበር። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ቢሆንም አባቴ እስኪናገሩ ጠበቅሁ።

ሐሊም ዘመን መለወጫ ባለፈ በሳምንቱ ከወልዲያ በእግሩ መጣ አሉኝ። በሐራ በኩል ዞሮ፣ ሁለት ቀን ተጉዞ፣ ጫማው ተበጥሶ በገመድ አስሮት። እኔን ጠየቀ። ደሴ ናት ሲሉት ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ውሃ ሰጡት፣ ጠጣ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ መምጣት ስላልቻሉ ሦስተኛው ሽማግሌ እኔው ነኝ አላቸው።

አባቴ እዚህ ላይ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «ውርደት ተሰማኝ፣ ልጄ» አሉ። «ያን ሁሉ ጊዜ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። በሰኔ ሰጥቼው ቢሆን አብራችሁ ደሴ ነበራችሁ።»

እዚያው ሸኽ ዑስማንን አስጠሩ፣ ጎረቤታችን ወልዴ ሳይቀሩ በደስታ መጥተው ከበር ላይ ቆሙ፣ ሁለት ሙስሊም ምስክር ተቀመጠ። አባቴ እጁን ይዘው ልጄን ሀጂራን ዳርኩህ አሉት፣ እሱም ተቀበልኩ አለ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቋቸዋል። በአፏ ፈቅዳለች ወይ ብሏል። አባቴም አልዋሹትም፣ ዝም ነው ያለችኝ አሉት። ሳቀ አሉኝ። «ለሀጂራ ይኸም ብዙ ነው» አለ።

በማግሥቱ ጧት ተነሣ። ወደ ውርጌሳ በኩል ጦርነት እንዳለ፣ ትንሽ እንዲቆይ ለመኑት። ሚስቴ ዘንድ ነው የምሄደው አላቸው። በሦስተኛው ቀን ገበሬዎች ሬሳውን ከውርጌሳ በታች ማሽላ ውስጥ አግኝተው ሰግደውበት ቀበሩት። መታወቂያውን ለሸኽ ዑስማን ላኩ። በማን ጥይት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አላለቀስኩም። እቆጥር ነበር። እኔ ደሴ ላይ ሌላ አግኝቶ ይሆናል ስል እሱ አፈር ውስጥ ነበር፣ እኔም ሚስቱ ነበርኩ። ባሌን ነው ያማሁት።

ሸኽ ዑስማን ወደኔ ዞሩ። ቀስ ብለው፣ አባት ለልጁ እንደሚናገረው ነገሩኝ። ነገሩን ከምስክሮቹና ከወልዴ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እነሱም አፋቸውን ይይዛሉ። ዝምታዬ ከሐፍረት እንጂ ከፈቃድ አልነበረም ካልኩ ኒካሁ አልጸናም፣ ኢዳ፣ የባልን ሐዘን፣ መቀመጥም የለብኝም፣ ልጃገረድ ነኝ፣ ነገ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ፈቅጃለሁ ካልኩ ግን ባሏ የሞተባት ሴት ነኝ፤ አገር ሁሉ የሚጠራኝ በዚሁ ነው። አባቴም ደገፏቸው።

«የሞተ ሰው አይቀየምም፣ ልጄ» አሉ። «ሃያ አራት ዓመትሽ ነው። እኔ አንዴ አበላሽቼብሻለሁ፣ ሁለተኛ አልፈልግም። ዛሬ ግን ዝም ማለት አይሆንም፤ በአፍሽ ንገሪን።»

ሁለቱም ዓይናቸውን ከኔ ላይ አነሱ፣ እንዳላፍር ብለው። ዛሬ የማሰላው ነገር አልነበረኝም።

«ፈቅጃለሁ፣ አባ» አልኩ። «ያኔም ፈቅጄ ነበር። እወደው ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ከአፌ የወጣው፣ እሱ በሌለበት። አባቴ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እናቴ መጥታ፣ ባል ለሞተባት ሴት እንደሚደረገው፣ ጆሮዬ ላይ የነበረውን ወርቅ አወጣች፣ ፀጉሬን ፈታችው፣ እኔም አልከለከልኳትም።

ሸኽ ዑስማን ኢዳው የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው አሉኝ። አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ ሦስቱ ወር ከጥቂት ቀን ጋር እኔ ሳላውቀው አልፏል። በጣታቸው ቆጠሩ፣ እንደገና ቆጠሩ። የሐሊም ሚስት ሆኜ የምቀመጥበት የቀረኝ ሠላሳ ስምንት ቀን ነው። ይጨመርልኝ እንደሆን ጠየቅሁ። አይጨመርም አሉኝ።