ስድስት ማንኪያ

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

መርማሪው ወረቀቷን በሁለት ጣቱ ይዞ ሲጠይቃት አስታማሚዋ መልስ አጣች። ልትዋሽ ፈልጋ አይደለም። ወረቀቷ ላይ ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ትልልቅና ጠማማ ናቸው፤ የእርሷም ፊደሎች ትልልቅና ጠማማ ናቸው። ስምንት ወር ሙሉ በዚህ ክፍል ውስጥ ስትጽፍ ስትሰርዝ ከርማለች። የቱን ጽፋ የቱን እንዳልጻፈች በምን ትወቅ? የአስር ዓመት ልጇ ከኋላዋ ቀሚሷን ጨብጣ ቆማለች። አስታማሚዋ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እኔን ከወሰዱኝ ይህችን ልጅ ማን ላይ እጥላታለሁ?

«ዝም አለች! አየህ፣ መልስ የላትም» አለች የሟቿ ምራት ከበሩ ላይ ሆና። በሽቶ የነከረችውን መሐረብ ከአፍንጫዋ አላነሳችም።

አልጋው ላይ ሟቿ አንሶላ ተሸፍነዋል። እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ አልጋ ላይ የዋሉ ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህርት ናቸው፤ ሰው ሁሉ «ቲቸር» ይላቸዋል። ከራስጌያቸው የእንቅልፍ ሽሮፕ ጠርሙስ አለ። ሐኪሙ ያዘዘው አንድ ማንኪያ ነበር፤ ጠርሙሱ ግን ባዶ ነው። ወረቀቷ የተገኘችው እዚያው ጠርሙሱ ላይ ተለጥፋ ነው። «ቴክ ሲክስ ስፑንስ። ድሪንክ ሜኒ ዋተር» ትላለች። ስድስት ማንኪያ ይውሰዱ፣ ብዙ ውሃ ይጠጡ ማለት ነው።

ክፍሉ የደረቀ ሽሮፕ፣ የአልጋ ቁስልና የታመቀ አየር ይሸታል። ሽታው ወደ በረንዳ እንዳይወጣ ብላ ምራቲቱ መስኮቱን በምስማር አስመትታዋለች።

መርማሪው ቀጭን ሰው ነው። ባልደረቦቹ «መርፌ» ይሉታል፤ ስለ ቅጥነቱ ብቻ ግን አይደለም።

«ከሰዓት በኋላ የት ነበርሽ፣ እህቴ?»

«ጓሮ። የእማማን አንሶላ ሳጥብ። ስመለስ ተኝተው መሰለኝ... እጃቸውን ብነካው...»

«ጋሼስ?»

«ሳሎን» አለ የሟቿ ልጅ፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው። «ኳስ እያየሁ።»

«እትዬስ?»

«መኝታ ቤቴ። ዛሬ ፈረቃዬ አይደለም። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ስለ መድኃኒት ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ እዚህ የለም። የተማረ ሰው ‹ሜኒ ዋተር› አይልም። ‹ሜኒ› ለሚቆጠር ነገር ነው፤ ውሃ ይቆጠራል? ይቺ ፊደል ሳትጨርስ ሐኪም ልሁን ብላ ነው ሴትየዋን የጨረሰቻቸው።»

«እዚህ ክፍል ለመጨረሻ ጊዜ የገቡት መቼ ነው?»

«እኔ? አራት ወር ይሆነኛል። ሆዴ አይችልም።»

መርማሪው ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን የሟቿ ትራስ ላይ አሳረፈ። የሟቿ ልጅ «እኅ!» ብሎ ፊቱን አዞረ። መርማሪው ግን ሳይቸኩል አሽትቶ ቀና አለ፤ ምንም አልተናገረም።

«ደብተር አለሽ?» አላት አስታማሚዋን።

ከፍራሹ ሥር አውጥታ ሰጠችው። የመድኃኒቱን ጽሑፍ ማንበብ እንድትችል ቲቸር በየቀኑ ያስተምሯት ነበር። መርማሪው ገጹን ገለጠ። «ቱ ስፑን»፣ «ቴን ታብሌት»፣ «ስሪ ካፕ»። በእያንዳንዱ ሐረግ ጫፍ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ጠማማ ፊደል ተጨምራለች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«እባቧ ናት» አለች አፍራ። «‹ኤስ›ን እማማ እባቧ ነበር የሚሏት። እንደ እባብ ትጠማዘዛለች፣ ስትጠራም ስስስ ትላለች። ሁልጊዜ እረሳታለሁ። ስድስት ማንኪያ ካልኩ አይበቃም? ስድስት ማንኪያዎች የሚል ሰው የት አለ? ብዬ እከራከራቸዋለሁ። ‹ልጄ፣ እንግሊዝ ቆጥሮ አያምንም፣ ደግሞ ያበዛል› ይሉኛል።»

መርማሪው ፈገግ አለ። «‹ቴክ› የሚለውን ግን የትም አላየሁም። ትእዛዙ ሁሉ ‹ጊቭ›፣ ስጪ የሚል ነው።»

«አልወደውም። ‹ቴክ› ውሰድ ማለት ነው አሉኝ። በዚህ ቤት ሳሙና በጠፋ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ነው፤ በእጄ ጽሑፍ ‹ውሰድ› የሚል ወረቀት ቢገኝስ? እኔ ሰጪ ነኝ እንጂ ወሳጅ አይደለሁም፤ ‹ጊቭ› ይሻለኛል አልኳቸው። ስቀው ተዉኝ።»

«ጎበዝ ሌባ!» አለች ምራቲቱ።

አስከሬኑን አምቡላንስ ሲወስደው መርማሪው ሦስቱንም ሳሎን አስቀመጣቸውና ወረቀትና እስክሪብቶ አደላቸው።

«ፈተና ነው እንዴ?» አለ የሟቿ ልጅ። «እናቴ በቁንጥጫ አስተምራኝ እንኳ ከ‹የስ›ና ‹ኖ› አላለፍኩም።»

«እንደ አቅምዎ ይጻፉ። በእንግሊዝኛ፦ ስድስት ማንኪያ መድኃኒት፣ ብዙ ውሃ። ለታማሚ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው።»

አስታማሚዋ እስክሪብቶውን አነሳች። ልጇ ጆሮዋ ላይ «እማዬ፣ አይዞሽ» አለቻት። ምራቲቱ ፈገግ እያለች በአንድ ትንፋሽ ጻፈች።

መርማሪው ወረቀቶቹን ሰብስቦ መጀመሪያ የነጋዴውን አነበበ። «‹ቴክ ሲክስ ስፑን። ድሪንክ ሜኒ ዋተር።›»

«ሜኒ ዋተር!» አለች ምራቲቱ ወደ ባሏ ዞራ። ነጋዴው ላብ አጠመቀው። «እኔ... እኔ እኮ...»

«ይረጋጉ። ስሕተቱ አለ፣ እባቧ ግን የለችም። ጠርሙሱ ላይ ያለው ‹ስፑንስ› ይላል።» ሁለተኛውን አነሳ። «አስታማሚዋ፦ ‹ጊቭ ሲክስ ስፑን። ኤ ሎት ኦፍ ዋተር።› እዚህም እባብ የለም። ውሃው ግን ልክ ነው፤ ደብተሯ ላይ ብዙ ውሃ የሚለውን አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ይህን ወረቀት የጻፈ ሰው ያላጠፋችውን ጥፋት አጠፋላት፣ ሁልጊዜ የምታጠፋውን ደግሞ አረመላት። ያላዋቂ ሰው ስሕተት ምን እንደሚመስል ከላይ ሆኖ የሚገምት ሰው ሥራ ነው።»

ሦስተኛውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«‹ቴክ ሲክስ ስፑንስ። ድሪንክ ፕለንቲ ኦፍ ዋተር።› እትዬ፣ ውሃው ላይ ተጠንቅቀዋል፤ ወጥመዱ እዚያ መስሎዎት። ማንኪያው ላይ ግን እጅዎ የለመደውን ጻፈ። በቀን መቶ ጠርሙስ ላይ ‹ቴክ›፣ ቁጥር፣ እባብ እየጻፉ ነው የሚውሉት። እጅ ደግሞ መዋሸት አይችልም።»

«ለዚህ ነው ሰው የምትከሱት? ለአንዲት ፊደል?»

«ለፊደል ብቻ አይደለም። አራት ወር ያልገቡበት ክፍል ትራስ የመሐረብዎን ሽቶ ይሸታል። ጎንበስ ብለው ጭንቅላታቸውን ደግፈው ነው ያጠጧቸው። ማንም ያንን ትራስ እንደማያሸት እርግጠኛ ነበሩ።»

ምራቲቱ መሐረቧን ከአፍንጫዋ አወረደች። ለመጀመሪያ ጊዜ መላ ፊቷ ታየ።

«ትናንት ሐኪሙ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?» አለች። «‹ልባቸው ደህና ነው፣ አስር ዓመት ይኖራሉ።› አስር ዓመት! ያንን ሽታ አስር ዓመት! በልብሴ፣ በፀጉሬ፣ በምበላው ላይ! አስታማሚዋ እንደሆነች ደሃ ናት፤ እስር ቤትም ቢሆን ምን ይጎድልባታል?»

መርማሪው ወደ ነጋዴው ዞረ። «እርስዎ እዚህ ተቀምጠው ሳለ የእናትዎ በር ሲከፈት አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ» አለ አቀርቅሮ።

«አራት ወር ያልገባች ሴት ስትገባ ምን አሉ?»

«ጨዋታው... ሊያልቅ ነበር።»

«ሁሉም ካለቀ በኋላ ሚስትዎ በዚህች ሴት ላይ ስትጮህባትስ ምን አሉ?»

ስምንት ወር ሙሉ ቁስል ስታጥብና ሽንት ስትደፋ ምንም ያልቀፈፋትን አስታማሚ አሁን የተቀመጠችበት ለስላሳ ወንበር ቀፈፋትና ተነሣች።

ፖሊሶቹ ምራቲቱን ይዘው ሲወጡ ነጋዴው አስታማሚዋን በሩ ላይ ደረሰባት።

«አንቺ እንኳ አትሂጂ። ያንን ክፍል ማን ያጸዳዋል? እኔ እኮ መግባት አልችልም።»

«የመስኮቱን ምስማር ይንቀሉት፣ ጋሼ» አለች።

ምራቲቱ በፖሊስ መኪና ሄደች። አስታማሚዋና ልጇ ከሰርቪስ ቤቱ ፍራሻቸውን ተሸክመው በእግራቸው ሄዱ። ቤቱ ውስጥ የቀረው ነጋዴው ብቻ ነው።