በጠራራ ፀሐይ የቆሙ አራት ሰዎች

ያመነውን ወዳጅ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ወጥመዱን ለሌላው ሲዘረጋ የሚያዘው በራሱ እግር ነው። ይህ እውነት በካዲዝ ከተማ በአንድ የነሐሴ ቀን ታይቷል።

«ባርኔጣውን ያድርጉት» አለ ኒካሲዮ። «የይለፍ ወረቀቱ ገበሩ ውስጥ ተሰፍቷል።»

ዶን ሌአንድሮ አርቴቼ ባርኔጣውን ተቀብለው ደፉ። ከውጭ በሚገባ ስንዴ ላይ የተጫነው ቀረጥ ይነሣ፣ ድሃው ዳቦ ይጥገብ ብለው በምክር ቤት የተከራከሩ፣ በጋዜጣቸውም ሰባት ዓመት የጻፉ ሰው ናቸው። ባለርስቶቹ መጀመሪያ ጋዜጣውን አዘጉ፤ ቀጥሎ የሞት ፍርድ አስፈረዱባቸው። ሦስት ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቤት ተደብቀዋል።

ኒካሲዮ በፖሊስ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። ለአለቆቹ ታዛዥ ጸሐፊ፣ ለለውጥ ፈላጊዎቹ ግን «ሽመላ» ነበር። ማምለጫውን ያቀናጀው የጋዜጣው ሸሪክ ዶን ፈርሚን ላሮንዶ እንኳ የሚያውቀው ይህንኑ የምስጢር ስም እንጂ ፊቱን አይደለም።

ዕቅዱ አጭር ነው። ልክ በዘጠኝ ሰዓት ዶን ሌአንድሮ በቤተ ክርስቲያኑ ዋና በር ይወጣሉ። አደባባዩ ጥግ ጋሪ ቆሟል። ጋሪው ውስጥ ባለቤታቸው ዶኛ ኤውላሊያ አሉ። ከዚያ ወደብ። ከዚያ ፖሊሱ የማይደርስባት ጂብራልታር።

ኒካሲዮ በሩን በጣት ስፋት ከፈተ።

አራት ሰዎች ቆመዋል።

ፀሐይ ላይ።

በነሐሴ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ካዲዝ በድን ናት። ሰው መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል፤ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። በዚያ ሰዓት ከፀሐይ ጋር የሚፋጠጥ የአገሩ ተወላጅ የለም። አዲሱ የፖሊስ አዛዥ ግን ከሰሜን የመጣ ነው፤ ሰዎቹንም ከዚያው ይዞ መጥቷል። ወጥመዱን ለጸሐፊው አልነገረውም።

ሰዓቱን የሚያውቁት አራት ብቻ ናቸው። ሁለቱ እዚህ፤ አንዷ ጋሪው ውስጥ።

ኒካሲዮ በሩን ዘጋ።

«ተሸጠናል።»

«ማን ሸጠን?»

«ፈርሚን።»

«ፈርሚን የልጄ የክርስትና አባት ነው።»

«እንግዲያው ልጅዎን እግዜር ያሳድጋት። በዕቃ ቤቱ በር ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር እንውረድ፤ ጀልባ አላጣም።»

«ኤውላሊያስ?»

ኒካሲዮ ወደ ዕቃ ቤቱ አመለከተ።

ዶን ሌአንድሮ ወደ በሩ ተወረወሩ። ኒካሲዮ ወገባቸውን ያዘ፤ ታገሉት።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የኖረችን ሴት፣ አንድ ቃል ሳልነግራት?»

«ከወጡ የሚያዩት ሬሳዎን ነው። ይህን ይመርጡላቸዋል?»

ሽማግሌው መታገላቸውን አቆሙ። ግንባራቸውን በሩ ላይ አሳርፈው አለቀሱ። ከዚያ ተከተሉት።

አዛዡ በአሥራ አንድ ሰዓት ፊቱ በፀሐይ ተቀቅሎ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመለሰ። ፈርሚን እንደ ጻድቅ ከተኛበት የከሰዓት እንቅልፍ ተቀስቅሶ መጣ። ቃሉን እንዲጽፍ ኒካሲዮ ታዘዘ።

«ሰውዬው ባሕር ሲያቋርጥ እኛን አደባባይ ላይ ማን አስጠበሰን?» አለ አዛዡ።

ፈርሚን ማለ፤ ተገዘተ። በመጨረሻም፣ ያስመለጠው ሽመላ የሚባል ሰላይ ነው አለ።

«መልኩስ?»

«አይቼው አላውቅም።»

«በማታውቀው ሰው ታሳብባለህ?» አዛዡ በድንገት ወደ ጸሐፊው ዞረ። «አንተ የአገሩ ልጅ ነህ። ሽመላ የሚባል ሰምተሃል?»

ብዕሩ ቆመ።

«ሽመላማ በዚህ ወር ወደ አፍሪካ ይሻገራል፣ ጌታዬ።»

ወታደሮቹ ሳቁ። አዛዡም ሳቀ። ኒካሲዮ መጻፉን ቀጠለ።

ዶኛ ኤውላሊያ ከከተማው እንዳይወጡ ታገዱ። ከወር በኋላ ከገበያው በር የፖሊሱን ጸሐፊ ኒካሲዮን አገኙት።

«ባሌ ዳቦ ሊያረክስልህ ተሰደደ» አሉት፤ «አንተም እሱን አሳደህ ትበላለህ።» ደረቱ ላይ ተፉበት።

ባልዎ በሩ ሥር አልቅሰዋል ቢላቸው ባጽናናቸው ነበር። ነገር ግን ያቺ አንዲት ቃል ጀልባ ሰጪዎቹን ታሰቅላለች። አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ዶን ሌአንድሮ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ባለቤታቸውን ሳያዩ፣ በስደት ሞቱ።

ኒካሲዮ ዝውውር ጠየቀ። ከባሕር በራቀች አንዲት ከተማ፣ ስሙን ማንም በማይጠይቀው ወንበር ላይ፣ የርስት መዝገብ ይገለብጣል።

ፈርሚን ላሮንዶ መንግሥትን በማታለልና ወንጀለኛ በማስመለጥ በሴውታ ወህኒ የአሥር ዓመት ከባድ ሥራ ተፈረደበት። በሁለተኛው ዓመት፣ በሰንሰለት እንደታሰረ፣ ድንጋይ ሲፈልጥ ሞተ።