ወሬኛው ዝም ያለ ሰሞን

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ይለው ነበር፤ ማጥፊያ የሌለው ሬዲዮ። የአንድ ሰው ፀጉር ተቆርጦ እስኪያልቅ የሦስት ቤት ወሬ ይነገራል፤ አራተኛው ቤት ለቀጣዩ ተረኛ ይቀመጣል።

መስታወት ቆራጯ ግን መጀመሪያ ያየችው ዝም ሲል ነው። የተሰበረ የግድግዳ መስታወት ሊያስቀይር እሷና አባቷ የሚሠሩበት ሱቅ የገባ ዕለት፣ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን አኳሪየም ሲያይ የጀመረውን ቀልድ ሳይጨርስ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ውስጡ ሲክሊድ የሚባሉ፣ ከጣት የማይበልጡ ድንክዬ ዓሦች ነበሩ። ወንዱ ሰማያዊ ነው፤ የክንፉ ጫፍ ፍም የመሰለ ቀይ።

«እነዚህን ማን ቀባቸው?» አለ በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

«ተቀብተው ነው የተወለዱት» አለችና ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ከዓሣው ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ዓሣው ያይ ነበር። የዚያኑ ዕለት ወደደችው፤ ምን ይደበቃል?

በገዛ እጇ መስታወት ቆርጣ፣ በሲሊኮን አጣብቃ፣ ለፀጉር ቤቱ አኳሪየም ሠራችለት። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ዓሣም ሰጠችው። ሴቷ ዓሣ ሁለት ጊዜ እንቁላል ጣለች፤ ሁለቴም በሰዉ ጫጫታ ተረብሻ መልሳ በላችው። በሁለተኛው ጊዜ ፀጉር አስተካካዩን ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ሲያለቅስ አይታዋለች።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ጀምሮ ይህችን አንድ ልጅ ለብቻቸው ያሳደጉ ሰው ናቸው።

«ለዚህ ወሬኛ ልዳርሽ? ምላሱ ሲሮጥ ልቡ የት እንደቀረ አይታወቅም! ዝም አይነቅዝም ልጄ፤ ዝም የሚል ሰው ፈልጊ።»

ለምና፣ አልቅሳ፣ አኩርፋ፣ ቅዳሜ ዕለት አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነጋግሩት እሺ አሰኘቻቸው። ካልጣማቸው ግን ነገሩ በዚያው እንዲያበቃ ቃል አስገቧት።

የምሥራቹን ልትነግረው ብትደውል ስልኩ ዝግ ነው። በማግሥቱም ዝግ። ፀጉር ቤቱ ብትሄድ በሩን ገርበብ አደረገና ሲያያት ዓይኑ በራ፤ ወዲያው ግን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ በእጁ «ሂጂ፣ በኋላ» ብሎ ቀስ አድርጎ ዘጋባት። ሰፈሩም ሥራ አልፈታም። «ሬዲዮ ሰላምታ እንኳ አይመልስም፤ ሌላ ሴት ይዞ ነው» ይባል ጀመር።

ቅዳሜ አባቷ ኮፍያቸውን አደረጉ። «ነግሬሽ ነበር» ብቻ አሉ።

«እንሂድ አባባ። አልፈልግሽም ካለ ከራሱ አፍ ልስማው።»

በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ዝም ብላችሁ ግቡ። አራስ አለች።»

«አራስ!» አሉ አባቷ፣ ደማቸው ፈልቶ። በሩን በርግደው ገቡ።

ሊቆረጡ የመጡ ስድስት ወንዶች ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀምጠዋል። የመቁረጫው ማሽን ጠፍቷል፤ የሚሰማው የመቀስ ድምፅ ብቻ ነው። ሁሉም ፊታቸውን ያዞሩት ወደ አኳሪየሙ ነበር።

ግራጫ የነበረችው ሴቷ ዓሣ ዓይን የሚወጋ ቢጫ ሆናለች። ውስጡ ከተቀመጠው የሸክላ ስባሪ ሥር ወጣች፤ ከኋላዋ እንደ አቧራ የደቀቀ ነገር ተከተላት። አቧራው ዓይን ነበረው። ስትቆም ይቆማል፤ ክንፏን ስታርገበግብ ሁሉም አሸዋው ላይ ልጥፍ ይላል። በእጥፍ የሚበልጣት ወንዱ ጠጋ ሲል አባረረችው። መስታወት ቆራጯ ዓሣ ማርባት ከጀመረች ዓመታት ቢሆናትም፣ ይህን ባየች ቁጥር ግንባሯን መስታወቱ ላይ ትለጥፋለች።

ነጥብ የምታክል አንዲት ልጅ ከመንጋው ወጣች። እናቲቱ ተወርውራ ዋጠቻት።

«በላቻት!» ብለው ጮኹ አባቷ።

«እሽሽሽ!» አሉ ስድስቱም ባንድ አፍ።

እናቲቱ ወደ መንጋው ተመልሳ አፏን ከፈተች፤ ልጅቱ ደህና ወጥታ ከእህቶቿ ተቀላቀለች። አባቷ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀምጦ መጣ።

«እንቁላል ከጣለች ወዲህ ዝም ካልኩ ዘጠኝ ቀኔ ነው» አላት፤ ድምፁ ሻክሯል። «የማድረውም እዚሁ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ቢጠፉብኝ በምን ዓይኔ አይሻለሁ? በሩንም የዘጋሁብሽ ሲዋኙ ላሳይሽ ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ አባቷ ዞረ። «አባባ፣ ልጅዎን…»

አባቷ ዓይናቸውን ከመስታወቱ አልነቀሉም።

«እናትሽ ስትሞት እኔም አንቺን አፌ ውስጥ ከተትኩሽ» አሉ ቀስ ብለው። «ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ሰው እንዳይነካሽ። ይቺ ፍጥረት ግን አፏን መክፈትም ታውቅበታለች።»

መስታወት ቆራጯ ዕንባዋን በክንዷ ጠረገች። አባቷ እጇን ያዙና ሳሙና ሳሙና በሚሸተው የፀጉር አስተካካዩ መዳፍ ላይ አኖሩት። ወሬኛው አንዲት ቃል አልወጣውም፤ እጇን ብቻ ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

አባቷም አናታቸው ላይ አንዲት ፀጉር ሳይኖር፣ ከስድስቱ ወንዶች ቀጥለው ወረፋ ያዙ።